«ጋሼ፣ እግሯ የት ሄደ?»፦ በሱሉልታ መስክ የተፈጥሮ ሥዕል የተማርኩበት መንገድ

እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ሁሉ እኔም በሥዕሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ያገኘሁት በእንቁጣጣሽ ነው። ጳጉሜን ሲገባ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወለል ላይ ተንበርክከን በየሉኩ ላይ ፀሐይ፣ መልአክና አደይ አበባ እንሥል ነበር፤ መስከረም 1 ቀን በጠዋት ደግሞ የጎረቤቱን በር ሁሉ እያንኳኳን «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን እንሰጥና ሳንቲማችንን ይዘን እንመለሳለን። የእኔ አደይ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነበረች፤ አምስት ድቡልቡል የአበባ ቅጠሎች፣ በመሐል አንድ ክብ፣ ከታች ቀጥ ያለ አገዳና ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት አረንጓዴ ቅጠሎች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ሱሉልታ መስክ ላይ እውነተኛዋ አደይ ፊት እርሳስ ይዤ ስቀመጥ እጄ ሳያማክረኝ ያችኑ የእንቁጣጣሽ አበባ ሣለ። ጨርሼ ቀና ስል ቆጠርኩ፤ ፊቴ ያለችው አበባ ስምንት ቅጠል ነበራት። አጠገቧ ያለችውም ስምንት፣ ቀጥሎ ያለችው ሰባት፣ ከዚያ እንደገና ስምንት። ከልጅነቴ ጀምሮ ለጎረቤት ስሸጥ የኖርኩት ፈጽሞ አይቼው የማላውቀውን አበባ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሙያዬ የሕንፃ ፕላን መሣል ነው፤ በመሥሪያ ቤት «ድራፍትስማን» የምንባለው ነን። ስለዚህ እርሳስ መያዝ፣ ልኬት መጠበቅና መስመርን ንጹሕ አድርጎ ማስኬድ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ሆኖም ይህ ችሎታ ለመስኩ ሥራ ከጠቀመኝ ይልቅ መጀመሪያ ላይ የጎዳኝ ይበዛል። የፕላን ሠራተኛ ግድግዳው ገና ሳይሠራ የሚያውቀውን ይሥላል፤ የተፈጥሮ ሥዕል ግን ያየኸውን ያህል ብቻ እንድትመሰክር፣ ያላየኸውንም እንዳላየህ እንድትናገር ይጠይቃል። ለሳሎን ግድግዳ የሚሆን የሚያምር ሥዕል መሥራት ሌላ ሙያ ነው፤ እኔም አልንቀውም። እዚህ የምናገረው ግን ሌላ ሰው ሥዕሉን ይዞ መስክ ቢወርድ ያንኑ አበባ፣ ያንኑ ፌንጣ፣ ያችኑ ወፍ ለይቶ እንዲያገኝ ስለሚያስችለው ሥዕል ነው። ከየት እንጀምር ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች ደጋግሜ በቃል ስመልስ የቆየሁትን፣ ስሕተቶቼን ጨምሬ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ነው የተነሣሁት።

ቦታውን በመምረጥ ረገድ ዕድለኛ ነበርኩ። የሱሉልታ ሜዳ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ የሚገኝ ሰፊ ጨፌ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በመስከረም ቢጫ ይለብሳል፤ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ስለዚህ የሥዕል ዓመቴ በእርግጥ ከሁለት ወር ተኩል አይበልጥም፤ ይህም መጥፎ አይደለም፤ ጊዜው አጭር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቅዳሜና እሑድን አያባክንም። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት መባል አለበት፤ መስክ ባለቤት አለው። ለእኛ አበባ የሆነው ሣር ለገበሬው የከብቱ የበጋ ቀለብና የቤቱ ገቢ ነው። መጀመሪያ ቀን ባለቤቱን ሳልጠይቅ መሐል ገብቼ ስቀመጥ አንድ አዛውንት ከሩቅ ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ በትሕትና ተነሥቼ ሥዕሉን አሳየኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኩ። «ሣሉ፣ ማን ከለከለ፤ ግን በጠርዙ በኩል ይሁን፣ የተረገጠ ሣር ለማጨድ አይመችም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በቦዩ ዳር ባለው የእግር መንገድ ላይ እቀመጣለሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ዳሩ ከመሐሉ የበለጠ ብዙ ዓይነት ዕፅዋት አለው።

ስምንት ቅጠል ወደነበራት አደይ ልመለስ። ያንን ሥዕል አስተካክዬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ እየኮራሁ አራት ኪሎ ለሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ስብስብ ቅርበት ላላቸው አንዲት ባለሙያ በወዳጅ በኩል አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ጎበዝ ነህ» አሉ፤ «ግን ጀርባዋ የታለ?» ነገሩ አልገባኝም ነበር። አበባዋን ገልብጬ እንዳላየሁ ሲያውቁ ሳቁ፤ ቅጠሎቿ አገዳው ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ሆነው ነው ወይስ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ የሚወጡት ብለው ጠየቁኝ፤ መሐሏ ያለው ቢጫ ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። «ይህን ሥዕል ይዤ ብወጣ አደይ ላገኝ እችላለሁ፤ ትንሽ የሱፍ አበባም ላገኝ እችላለሁ» ብለው መለሱልኝ።

በሚቀጥለው እሑድ አንዲት አደይ ፊት ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። አንድ አበባ የምንለው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ መሆኑን በማጉያ መነጽር ያየሁት ያን ቀን ነው። ዙሪያውን ያሉት ስምንቱ ሰፋፊ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ የማይሰጡ አበቦች ናቸው፤ በመሐል የተሰበሰቡት ጥቃቅን ቱቦዎችም እንዲሁ አበቦች ናቸው፤ ፍሬ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። የሚከፈቱት ከዳር ወደ መሐል በመሆኑ ጠዋት የሣልኩት መሐል ከሦስት ቀን በኋላ ካየሁት የተለየ ነው። ስትገለበጥ ደግሞ ሁለት ረድፍ አረንጓዴ ደጋፊ ቅጠሎች አሏት፤ የውጪዎቹ ጠባብ፣ የውስጦቹ ሰፋ ያሉና ስስ። የአገዳው ቅጠሎች ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ጠርዛቸውም በጥልቅ የተሰነጣጠቀ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም አበባ ስሥል በአንድ ገጽ ላይ አራት ነገር አስቀምጣለሁ፤ ሙሉውን ተክል ከነቁመቱ፣ አበባውን ከፊት፣ አበባውን ከኋላ፣ በምላጭ ለሁለት የተከፈለውን አበባ ከጎን። ለጀማሪ የምሰጠው ምክር ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃል ብዬ አስባለሁ፤ ለሁለት የከፈሉትን አበባ በልማድ መሣል አይቻልምና።

ቢጫው ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። የመጀመሪያዋን አደይ ጥላ ለመስጠት ቢጫው ላይ ጥቂት ጥቁር ጨመርኩበት፤ አበባዋ ወደ ወይራ አረንጓዴ ተለወጠችና የታመመች መሰለች። ጥቁር በቢጫ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ማድረጉን ማንኛውም የቀለም ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን ሦስት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ነው ያመንኩት። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መላውን አበባ በጣም በቀጠነ የሎሚ ቢጫ አለብሳለሁ፤ ይደርቃል፤ ከዚያ የእንቁላል አስኳል በሚመስል ሞቅ ያለ ቢጫ እጥፋቶቹን እከተላለሁ፤ ጥልቁን ጥላ የምሠራው ደግሞ ቢጫውን በጥቂት የሸክላ ቀለምና በነጠብጣብ ሐምራዊ በማደብዘዝ ነው። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ወረቀቱን እንዳለ ትቼ አልፋለሁ፤ በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ነው፤ አንዴ ከተሸፈነ አይመለስም። ብርሃኑ ከላይ ከግራ እንደሚመጣ አድርጎ መሣል በተፈጥሮ ሥዕል የቆየ ልማድ ነው፤ በፕላን ሥራም ጥላ የምንጥለው እንዲሁ ስለሆነ ከቢሮ ይዤው ከመጣሁት ጥቂት ጠቃሚ ነገር አንዱ ይህ ሆኗል። ሜዳ ላይ ፀሐይዋ ስለምትዞር በዚህ ልማድ ካልጸኑ አንዱ አበባ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ እየበራ የገጹ መልክ ይጠፋል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። አንድ ኤችቢና አንድ ጠንከር ያለ «2ኤች» እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ጫፉ የማይበተን አንድ ቁጥር ሦስትና አንድ ቁጥር ስምንት ብሩሽ፣ አሥራ ሁለት ቀለም ያለው ትንሽ የውሃ ቀለም ሣጥን፣ ማስመሪያ፣ ከኮምፓስ ሣጥን ውስጥ ሁለት ጫፉ ሹል የሆነው መለኪያ፣ ማጉያ መነጽር፣ ቦቲ ጫማና ጃንጥላ ይበቃሉ። ለብሩሽ ማጠቢያ ሁለት አሮጌ ሲኒ እይዛለሁ፤ አንዱ ለቆሻሻው፣ አንዱ ለንጹሑ። ገንዘብ ማውጣት ካለብህ ለወረቀት አውጣው። ተራ የሥዕል ደብተር ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወፍራም ወረቀት ግን ብዙ ውሃ ይችላል። ይህ ወረቀት በከተማችን ሁልጊዜ አይገኝም፤ እኔ አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ በመጣች ቁጥር አንድ ጥቅል ታመጣልኛለች፤ እሱንም እየቆራረጥኩ ለመጨረሻው ሥራ ብቻ እጠቀምበታለሁ። ለመስክ ንድፍ ግን የፎቶ ኮፒ ወረቀት በጣውላ ላይ አጣብቆ መሄድ ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ውድ ወረቀት እጅን ያስፈራል።

ወደ ነፍሳት ስሸጋገር የሜዳው ብርድ ረዳቴ ሆነ። በመስከረምና በጥቅምት ማለዳ እዚያ ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል፤ ፌንጣም ቢራቢሮም ደማቸው የሚሞቀው በፀሐይ ስለሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ገደማ ከሣሩ ላይ ተጣብቀው አይንቀሳቀሱም። ከከተማ በሌሊት መነሣት ይከብዳል፤ ነገር ግን ያች አንድ ሰዓት ተኩል ከቀኑ ሙሉ ትበልጣለች። ፌንጣ ስሥል መጀመሪያ የሰውነቱን ርዝመት በመለኪያው እወስዳለሁ፤ ከዚያ የኋላ እግሩ ጭን ከሰውነቱ ስንት እጅ እንደሆነ አያለሁ፤ የአንቴናውን ርዝመት ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እከታተላለሁ፤ ከሰውነቱ ያጠረ አንቴና ያለውና እንደ ክር የረዘመ አንቴና ያለው ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸውና። የምሥለው ከተፈጥሮ መጠኑ ሦስት እጥፍ አድርጌ ነው፤ ከሥዕሉ ሥር ግን በዚያው ልክ የተሰፋ የአንድ ሴንቲ ሜትር መስመር አሰምራለሁ። «3 እጥፍ» ብሎ መጻፍ ሥዕሉ በኮፒ ሲያንስ ወይም ሲሰፋ ውሸት ይሆናል፤ መስመሩ ግን ከሥዕሉ ጋር አብሮ ያንሳል፣ አብሮም ያድጋል።

በነፍሳት ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ግን ከአንዲት ብርቱካናማ ቢራቢሮ ነው፤ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ በአገራችን በብዙ ቦታ የምትታይ ናት። አንድ ማለዳ ማገጥ አበባ ላይ ክንፏን አጥፋ ቆማ አገኘኋትና ተረጋግቼ ሣልኳት። ስጨርስ አራት እግር ብቻ መሣሌን አየሁ። ነፍሳት ስድስት እግር እንዳላቸው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ነገር ስለሆነ ተሳስቻለሁ ብዬ የጎደሉትን ሁለቱን ከፊት ጨመርኩላት። ቤት ገብቼ ያነሣሁትን ፎቶ አስፍቼ ሳይ ጨመርኳቸው ያልኳቸው እግሮች የሉም። ነገሩን ሳጣራ ይህች ቢራቢሮ የምትመደብበት ትልቅ ቤተሰብ የፊት ሁለት እግሮቹ አጥረው እንደ ትንሽ ብሩሽ ደረት ላይ የሚታጠፉ፣ ለመቆሚያ የማያገለግሉ ሆነው ተገኙ። ዓይኔ ትክክል ነበር፤ ያበላሸው ዕውቀቴ ነው። ያንን ገጽ አልጣልኩትም፤ ሁለቱን የፈጠራ እግሮች በቀይ እርሳስ ሰርዤ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ሰቅየዋለሁ።

ፎቶውን ካነሣሁት አይቀር፣ በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁትን ሌላ ጥፋት ልናዘዝ። በስልክ ያነሣሁትን ፎቶ በመስኮት መስተዋት ላይ ለጥፌ በላዩ እየገለበጥኩ ለሁለት ወር ሠራሁ። መስመሩ ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን የስልክ ካሜራ በጣም ቀርቦ ሲያነሣ ለሌንሱ የቀረበውን ያገዝፋል፣ የራቀውን ያሳንሳል፤ ስለዚህ ፌንጣዎቼ ሁሉ ራሳቸው የበሬ፣ ጅራታቸው የዝንብ ሆነ። ከዚህ ይልቅ የከፋው ደግሞ መገልበጥ ማየትን ስለማይጠይቅ በዚያ ሁለት ወር ምንም አለመማሬ ነው። ፎቶ ለማመሳከሪያ ይጠቅማል፤ እርሳሱ ከሥራው በፊት ሕይወት ያለውን ነገር አይቶ መሆን አለበት።

ወፎች ከሁሉ ይከብዳሉ፤ ምክንያቱም ቆመው አይጠብቁም። የእኔ ፍቅር በሜዳው ላይ ከሣር እየተነሣች ድንጋይ ወይም የአጥር እንጨት ላይ ወጥታ የምትጮኽ፣ ጉሮሮዋ እንደ አደይ ቢጫ የሆነ፣ በቢጫው ዙሪያ ጥቁር ማተብ ያሰረች የምትመስል ትንሽ ወፍ ናት። የወፍ ተመልካቾች በእንግሊዝኛ «አቢሲኒያን ሎንግክሎው» ይሏታል፤ በኋላ ጣቷ ላይ ካለው ረጅም ጥፍር የተነሣ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አትገኝም። እሷን ለመሣል በመጀመሪያው ቀን ያደረግኩት ሙከራ ሁሉ ግማሽ ወፍ ሆኖ ቀረ፤ አንገት ጀምሬ ትበራለች፤ ጀርባ ጀምሬ ትዞራለች። ዘዴው የገባኝ ሰማያዊ ክንፍ ዝይን ስሥል ነው። ይህችም የእኛው አገር ብቻ የሆነች ዝይ ስትሆን፣ ቆማም ስትራመድም አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ጀርባዋ ላይ የማሳረፍ ልማድ አላት። ተረጋግታ ስለምትግጥ ጊዜ ትሰጣለች። በእሷ ላይ ስለማመድ ያስተዋልኩት ወፍ አቋሞቿ ጥቂት መሆናቸውንና ወደ እነሱም ደጋግማ መመለሷን ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ንድፍ በአንድ ጊዜ እጀምራለሁ፤ ወፏ ስትጎነበስ ወደ ጎንባሳው፣ ቀና ስትል ወደ ቀናው፣ ጀርባዋን ስትሰጠኝ ወደ ጀርባው እሄዳለሁ። እያንዳንዱን የምጀምረው ከጀርባ መስመር ዝንባሌ ነው፤ ከዚያ ምንቃር፣ ከምንቃሩ አንጻር የዓይን ቦታ። ዓይንን ከፍ አድርጎ ግንባር ላይ ማስቀመጥ የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው፤ ወፏን የሰው ፊት ያስመስላታል።

ለልኬቱ ደግሞ አራት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ትልቅ ውለታ ውሎልኛል። በገለባ የተሞላች ወፍ አትበርም። ክንፍ ሲታጠፍ የትኛው ላባ በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ፣ እኛ «ጉልበት» የምንለው ወደ ኋላ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ በእርግጥ ቁርጭምጭሚቷ መሆኑን፣ እውነተኛ ጉልበቷም ላባ ውስጥ ተደብቆ መኖሩን የተማርኩት እዚያ ቆሜ በመሣል ነው። ነገር ግን የሙዚየም ወፍ ዓይኗ ብርጭቆ ነው፤ የእግርና የምንቃር ቀለሟም ደብዝዟል። የአሜሪካው የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉኤርቴስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1926 እስከ 1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ጉዞ ጋር አገራችን መጥቶ በነበረበት ጊዜ ከአንድ መቶ በላይ የወፎችና የአጥቢ እንስሳት ሥዕል በውሃ ቀለም የሠራው እዚሁ አገር በየመስኩ ሳለ ነው፤ የዓይን፣ የምንቃርና የእግር ቀለም እንስሳው ከሞተ በኋላ ወዲያው ስለሚለወጥ ቶሎ መያዝ ነበረበት። ፉኤርቴስ ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በነሐሴ 1927፣ መኪናው በባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ላይ በባቡር ተመትቶ ሞተ፤ ከእሱ ጋር የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ተረፉ፤ ዛሬ በዚያው ሙዚየም ይገኛሉ። የእነዚያን ሥዕሎች ቅጂ ስመለከት የሚገርመኝ ላባውን የሚዘረዝርበት ችሎታ አይደለም፤ ምን ያህል ነገር ሳይነካው እንደተወ ነው።

የሎንግክሎዋን ጀርባ ቀለም ለመግለጽ «ቡኒ» የሚለው ቃል አልበቃኝም። እዚህ ላይ የረዳኝ አያቴ ነው። መንዝ ውስጥ ፈረስ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለነበረ ለፈረስ መልክ ብቻ አምስት ስድስት ስም ያውቅ ነበር፤ ዳማ፣ ቡላ፣ ዥጉርጉር፣ ቡራቡሬ እያለ ሲቆጥር አድጌያለሁ። መስክ ላይ ቀለም ለመቀባት ጊዜ በማይኖርበት ሰዓት በንድፉ ጎን «ጀርባ ዳማ፣ የላባው ጠርዝ ቡላ፣ ጡት ላይ ዥጉርጉር» ብዬ እጽፋለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ቀለም ስቀባ ከፎቶው ይልቅ እነዚህን ቃላት አምናለሁ። ለከብትና ለፈረስ ቀለም ያለን ቋንቋ ለወፍ ሥራ ተሠርቶ የተቀመጠ ይመስለኛል። ግራጫውን የማገኘው ከሣጥን አይደለም፤ ጥልቅ ሰማያዊና የሸክላ ቡናማ ስቀላቅል፣ እንደ መጠናቸው የደመናም የድንጋይም የላባ ጥላም ግራጫ ይሰጡኛል።

ገጹ ላይ የሚጻፈው ነገር ከሥዕሉ የማይተናነስ ዋጋ አለው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አየሩ፣ ተክሉ የቆመበት አፈር እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ወፏ ምን ትበላ እንደነበር፣ የሣለው ማን እንደሆነ። ይህን የመጨረሻውን የማልረሳው በሉዊጂ ባሉጋኒ ታሪክ ምክንያት ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ጋር ወደ ጎንደር መጥቶ የአገራችንን ዕፅዋት በድንቅ ጥንቃቄ ሥሎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ጎንደር ውስጥ ሞተ፤ ብሩስ ግን አገሩ ገብቶ መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አድርጎ አቀረባቸው። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ ባለቤታቸው ማን እንደሆነም ታውቋል፤ ለሟቹ ግን ዘግይቷል።

ከሁሉ ያቃተኝ ሣሩ ነው። አንድ ካሬ ሜትር መስክ ከነሰርዶው፣ ከነማገጡና ከነቄጤማው ለመሣል ተነሥቼ በመጀመሪያው ዓመት ያወጣሁት የተበጠረ ጸጉር የሚመስል ነገር ነበር። አሁንም አልተዋጣልኝም ማለት እችላለሁ፤ ሆኖም ሁለት ነገር ለውጦታል። አንደኛው፣ የሣሩን ስንጥር መሣል ትቼ በስንጥሮቹ መካከል ያለውን ጨለማ መሣል መጀመሬ ነው፤ ጨለማው በቦታው ሲገባ ሣሩ ራሱ ይወጣል። ሁለተኛው፣ በሣጥን ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ፈጽሞ መተዌ ነው። ከሎሚ ቢጫና ከሰማያዊ የሚገኘው አረንጓዴ ለአዲሱ ሣር፣ ከአስኳል ቢጫና ከሰማያዊ የሚገኘው ለጎለመሰው፣ ጥቂት የሸክላ ቀለም ሲገባበት ደግሞ በጥቅምት ጫፉ መቅላት ለጀመረው ይሆናል። አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። በነሐሴ መጨረሻ የተቀባ ቀለም ለአንድ ሰዓት ሳይደርቅ ይቆይና ዝናብ ይቀድመዋል፤ በጥቅምት ነፋስ ደግሞ ብሩሹን ሳታነሣ ይደርቃል። ስለዚህ በክረምት መጨረሻ በእርሳስ፣ ከመስቀል በኋላ በቀለም መሥራትን ልማድ አድርጌያለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ላይ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ወዳጄ ሆነ። መጀመሪያ ከጀርባዬ ቆሞ ዝም ብሎ ያይ ነበር፤ እየቆየ ግን ከማንም የበለጠ ጥብቅ ገምጋሚ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ስለ ሎንግክሎዋ በሠራሁት ገጽ በጣም ረክቼ ነበር፤ ማተቧ፣ ቢጫዋ፣ የጀርባዋ ዥጉርጉር ሁሉ በቦታው ነበረ። ልጁ አጎንብሶ አየና «ጋሼ፣ እግሯ የት ሄደ?» አለኝ። ሣር ውስጥ ስለነበረች አልታየኝም አልኩት። «ታዲያ ያለ እግር ትሄዳለች?» ብሎ ሳቀ። በሙዚየም ካየኋት ወፍ እግር ወስጄ ልገጥምላት እችል ነበር፤ ስሟ የወጣበት ጥፍር የሌለው ሥዕል ጎዶሎ መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን የቢራቢሮዋ ሁለት የፈጠራ እግሮች ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅለው ስለሚያዩኝ ቦታውን ባዶ ትቼ በእርሳስ «እግር አልታየም» ብዬ ጻፍኩበት። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩን የራሱ አደረገው፤ ወፏ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ባየ ቁጥር ከሜዳው ማዶ በእጁ ይጠራኛል፤ እኔ ስደርስ ደግሞ ትበራለች።

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ሣሩ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፣ ከታጨደው ክምር አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ በጎኗ ቆማ አገኘኋት። ምናልባት አርባ ሰከንድ ያህል ቆየች። የቀኝ እግሯን፣ ከኋላ ጣቷ የወጣውን ረጅምና ጎንበስ ያለ ጥፍር ጨምሬ፣ በአሮጌው ገጽ ላይ በቦታው አስገባሁት፤ ቀኑንም ከጎኑ ጻፍኩ። የግራው እግሯ ከድንጋዩ ጀርባ ስለነበረ ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ የእርሳሱ ጽሑፍም እንዳለ ነው።